ብድር የተከለከለው ጉድጓድ

ፈዲላ የሞተችው በሰባት ሳምንቷ ነው፤ በፈረንጆች 1996፣ ሰኔ ወር። ከንፈሯና ጥፍሮቿ ሰማያዊ ሆነው ሆስፒታል ደረሰች፤ የቀዱት ደሟ እንደ ቸኮሌት ቡናማ ነበር። በማግስቱ የአካባቢው አስተዳደር፣ ካውንቲው፣ የአራት ዓመት እህቷን ኢቅራን ወስዶ ለማያውቋት ቤተሰብ በአደራ ሰጠና፣ እናትየዋን ራሕመትን «ልጅሽን ምን አጠጣሻት?» ይላት ጀመር። እስከ ዓርብ መልስ ካልተገኘ ክስ ይመሠረትባታል፤ ኢቅራም አትመለስም።

ማክሰኞ ጠዋት ካውንቲው ዘመናይን ላከ። ዘመናይ የሕፃናት ሞት መርማሪ ናት፤ ሰው ሲያለቅስ እንባውን ትታ እጁን የምታይ ሴት። ጨካኝ ናት ይሏታል፤ የሚሏት ግን የደበቁት ነገር ያላቸው ናቸው።

ቤቱ ከሴንት ፖል ከተማ በስተደቡብ የግማሽ ሰዓት መንገድ፣ በቆሎ እርሻ መሃል ነው። የከተማ ቧንቧ አይደርስበትም፤ ውሃው ከራሱ ጉድጓድ ነው የሚመጣው። ፍሪጁ ላይ ሁለት ወረቀት ተለጥፏል። አንዱ የላቦራቶሪ ውጤት ነው፦ ውሃው ንጹህ ነው ይላል። ሌላው ከካውንቲው የመጣ ነው፦ ውሃችሁ ንጹህ ስለሆነ ለአዲስ ጉድጓድ የጠየቃችሁት የመንግሥት ብድር አይፈቀድም ይላል።

ዘመናይ ሁለቱንም አንብባ፣ ከቧንቧው አንድ ጠርሙስ ውሃ ቀዳችና ራሕመት ፊት ተቀመጠች።

«ጡት አላጠባሻትም?»

«ወተቴ ደረቀ። የጣሳ ወተት ነበር የምበጠብጥላት።»

«በምን ውሃ?»

«መጀመሪያ በጋሎን ከሱቅ እንገዛ ነበር። ወረቀቱ ሲመጣ ተውን። ፈዋዝ ራሱ ‹ንጹህ ነው ተባለ፣ ምን ያስገዛናል› አለኝ።»

«አፈላሽው?»

«ሁለት ጊዜ። ወላሂ፣ አንድም ቀን ሳላፈላ አልሰጠኋትም።»

«አፍልታ ቢሆን ትሞት ነበር?» አለ ባሏ ፈዋዝ ከበሩ። ብሉሚንግተን ከተማ፣ ሆቴል ውስጥ ይሠራል። ከቀብሩ ወዲህ ሚስቱን አላነጋገረም፤ አሁንም የተናገረው ለግድግዳው ነው።

ዘመናይ ወደ እሱ ዞረች። «ናሙናውን ማን ቀዳ?»

«እኔ። ሚያዝያ ላይ፣ እዚሁ ኪችን። ጠርሙሱ ውስጥ ትንሽ ዱቄት አለ፤ ‹አታለቅልቁት› ይላል መመሪያው። ለራሕመት ጮክ ብዬ ተርጉሜላታለሁ። ከዚያ ለአባቴ ሰጠሁት። እሱ ከተማ፣ ሴዳር ሪቨርሳይድ፣ እህቴ ጋ ነው የሚኖረው፤ ላቦራቶሪው ለሱ በእግር ነው። እኔ ሺፍት ነበረኝ።»

«ብድሩን የፈለግከው አንተ ነህ?»

«ሎን ኦፊሱን ስንቴ ኮል እንዳደረግኩ። በሦስት ፐርሰንት ወለድ ሌላ ማን ይሰጠኛል?»

ቤቱን የሸጠላቸው ኤዶሳ ከአጥሩ ማዶ ይኖራል። ዘመናይ ስታንኳኳ ሳትጠይቀው መማል ጀመረ።

«ውሃው መጥፎ ነው ቢባል ፈዋዝ ገንዘቤን መልስ ይልህ ነበር» አለችው።

«ይለኛል። እና ለዚህ ብዬ የሰው ልጅ እገድላለሁ? እኔስ የምጠጣው ከጉድጓድ አይደለም እንዴ?»

«እሱን ለማየት ነው የመጣሁት» ብላ ከሱም ቧንቧ አንድ ጠርሙስ ቀድታ ወጣች።

ከሰዓት በኋላ የፈዋዝን አባት፣ አባ አብዱልሀፊዝን፣ ሴዳር ሪቨርሳይድ ፎቅ ላይ አገኘቻቸው። የወሎ ሽማግሌ ናቸው። ሰላምታው ሳያልቅ ለእንግዳቸው ውሃ ሊያቀርቡ ተነሡ። ከመደርደሪያው ንጹህ ብርጭቆ አውርደው አንዴ፣ ሁለቴ፣ ሦስቴ አለቀለቁት።

«ንጹህ አልነበረም እንዴ፣ አባ?»

«የለመደ እጅ ነው ልጄ። ያለ ሦስት አያርፍም።»

«የናሙናውን ጠርሙስ ዕለቱን አደረሱት?»

«እኔ ጋ አደረ። በማግስቱ ጠዋት ሰጠሁ።»

«ልጅዎ ብድር መጠየቁን ወደዱለት?»

ሽማግሌው መቁጠሪያቸውን ያዙ። «ወለድ ያለው ነገር ይወደዳል?»

ዘመናይ ብርጭቆውን አፏ ላይ ደፍታ እስከ መጨረሻው ጠጣችው። ጠምቷት አይደለም፤ ፊቷን የምትደብቅበት አጥታ ነው።

ሐሙስ ሁሉንም እነ ራሕመት ሳሎን ሰበሰበቻቸው። ኤዶሳ በሩ አጠገብ ቆመ፤ ለመሸሽ ይመቸኛል ብሎ ይሆናል።

«ፈዲላን የገደላት ናይትሬት ነው» አለች ዘመናይ። «ከበቆሎው ማዳበሪያ ሰርጎ ጉድጓዱ ገብቷል። ማክሰኞ ከዚህ ቤት የቀዳሁት ውሃ ላይ ከሚፈቀደው አራት እጥፍ ተገኝቷል። ትልቅ ሰው አይሰማውም፤ የሕፃን ደም ግን አየር መሸከም ያቅተዋል። ማፍላትም አያወጣውም። ውሃው ይተንና እሱ እዚያው ቀርቶ ይበረታል።»

ፈዋዝ ለመጀመሪያ ጊዜ ሚስቱን አየ።

«ታዲያ ሚያዝያ ላይ እንዴት ንጹህ ሆነ? ላቦራቶሪው የተረፈውን አስቀምጦት ነበርና እንደገና አስመረመርኩት። ፍሎራይድ አለበት። ከተማው ለጥርስ ብሎ የቧንቧ ውሃ ላይ የሚጨምረው ነገር ነው። በዚህ ቤት ጉድጓድ ያን ያህል የለም፤ በኤዶሳም የለም። ስለዚህ ጠርሙሱ የተሞላው ከከተማ ቧንቧ ነው።»

«ተመስገን» አለ ኤዶሳ። ማንም አልሰማውም።

«ራሕመት ለመውለድ ቀናት ነበር የቀሯት፤ ከቤት አልወጣችም። ጠርሙሱ እጃቸው የገባ፣ ከተማ የሚውሉ ሁለት ሰዎች ቀሩ።»

«እኔ ነኝ የለወጥኩት እያልሽ ነው?» አለ ፈዋዝ።

«አንተ ብድሩን ትፈልግ ነበር፤ ውሃው ንጹህ ከተባለ ትከለከላለህ። መመሪያውንም አንብበሃል። ላቦራቶሪው ባስቀመጠው ውሃ ውስጥ ግን የዱቄቱ ምልክት እንኳ አልተገኘም። ያንተን ውሃ የደፋው ሰው ከመሙላቱ በፊት ደጋግሞ አለቅልቆታል። እንግሊዝኛ የማያነብ፣ እጁ ያለ ሦስት የማያርፍ ሰው ነው።»

አባ አብዱልሀፊዝ ከዘራቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋደሙ።

«ልጄ ወለድ ውስጥ እንዳይገባ ነው» አሉ። «ሰው ሲጠጣው የኖረ ውሃ ነው። እኔም በመጣሁ ቁጥር ጠጥቻለሁ። ይገድላል አላልኩም።»

«አባ» አለ ፈዋዝ። ተንበርክኮ የሚስቱን እግር ሊይዝ ሲል፣ ራሕመት እግሯን ሰበሰበች።

«እኔስ?» አሉ ሽማግሌው።

«የእርስዎን ዳኛው ያውቃል፣ አባ።» ዘመናይ ፋይሏን ዘጋች። «ራሕመት፣ አንቺ ክስ የለብሽም። ኢቅራን ሰኞ ያመጡልሻል። ብድሩም አሁን ይፈቀዳል። ተራ ስላለው ግን ጉድጓዱ የሚቆፈረው በሚቀጥለው ዓመት ነው።»

ራሕመት እስካሁን ቀና አላለችም። «ኢቅራ ያለችበት ቤት የት ነው?»

«ሴንት ፖል፣ ስኔሊንግ አቨኒው አጠገብ።»

«ውሃቸው የከተማ ቧንቧ ነው?»

«የቧንቧ ነው።»

«እንግዲያው አታምጧት» አለች ራሕመት።