ሦስት ደቂቃ ሣጥኑ ላይ

ማርላ ቪቶቭስኪ በሕይወቷ ከሁሉም በላይ የምትፈራው ተዘግቶባት መቅረት ነበር። ከዚያ የባሰ ፍርሃት መኖሩን ያወቀችው ዘግይታ ነው። ያሳወቃትን ሰው ያገኘችው ግን፣ ነገር ሲገጣጠም፣ እዚያው ተዘግቶባት ሳለ ነው።

ባለፈው ጥቅምት የምትሠራበት የጥርስ ክሊኒክ ሕንፃ አሳንሰር ሦስተኛውና አራተኛው ፎቅ መካከል ቀጥ አለባት። ብቻዋን ነበረች። መብራቱ ብልጭ ድርግም ሲል ወለሉ ላይ ቁጭ አለች። የአደጋውን ደወል ደጋግማ ስትጫን ሃያ ደቂቃ ካለፈ በኋላ ከበሩ ወዲያ የወንድ ድምፅ ተሰማ።

«ውስጥ ያለኸው ሰው፣ ደህና ነህ?»

«ደህና አይደለሁም! ደግሞም ሴት ነኝ!»

«ይቅርታ፣ እህቴ። ካሊብ እባላለሁ፤ የጥገና ሠራተኛው ነኝ። ግማሽ ሰዓት ስጪኝ።»

«በግማሽ ሰዓት ውስጥ እሞታለሁ።»

«አትሞቺም። እስኪ ወሬ አምጪ። የእሁዱን ጨዋታ አየሽው?»

የአሜሪካ እግር ኳስ በሚመለክባት በቡፋሎ ከተማ ይህን ማንም ማንንም ይጠይቃል። ማርላ ግን እንደ ማንም አልመለሰችም። የተወረወረላቸውን ኳስ እየሮጡ በእጅ የሚይዙት ተቀባዮቻችን የትኛውን ኳስ፣ በስንተኛው ደቂቃ፣ ለምን እንደሳቱ አንድ በአንድ ስትዘረዝር ትንፋሿ ቀስ በቀስ ተመለሰ።

«ተቀባይ ማለት እጅ ነው» ብላ ደመደመች። «ሯጭማ መንገድ ላይም ሞልቷል።»

«ተቀባይ ማለት እግር ነው» አለ ድምፁ። «እግሩ ካላደረሰው እጁ ምን ይይዛል?»

«ማን ነው ያስተማረህ?»

የመፍቻው ድምፅ ለአፍታ ቆመ። «አንድ ቦታ ሰምቼ ነው።»

በሩ ተከፈተ። እሷ ፀጉሯ ተበታትኖ፣ ማስካራዋ ጉንጯ ድረስ ወርዶ ነበር። እሱ ረጅም ነው፤ እጁ በቅባት ተነክሯል። ሊያወጣት እጁን ዘረጋና ቅባቱን አይቶ መልሶ ሰበሰበው። እሷ ግን ያዘችው።

«አጎቴ መጠጥ ቤት አለው» አለችው። «የእግሩን ነገር እዚያ መጥተህ ተናገር። በሕይወት ከወጣህ እንተያያለን።»

መጣ። በሕይወትም ወጣ። በሚቀጥለው ሳምንትም መጣ።

አጎቷ ስታን ቤት የሚሰበሰቡት ሰዎች፣ እውነቱን ለመናገር፣ ክለባችን ዋንጫ ያነሳል ብለው መጠበቅ ካቆሙ ቆይተዋል። ተስፋቸው በሙሉ ሚያዝያ ላይ ነው። ሚያዝያ ላይ ክለቦቹ ከኮሌጅ የሚወጡትን ልጆች በተራ ይመርጣሉ። ከምርጫው በፊት ባለው እሁድ ደግሞ በስታን ቤት ሌላ ሥርዓት አለ። ባዶ የወተት ሣጥን ይገለበጣል። የፈለገ ሰው ይወጣበትና ክለባችን እንዲመርጠው ስለሚፈልገው ልጅ ለሦስት ደቂቃ ይናገራል። ሣጥኑ ላይ የቆመን ሰው ማቋረጥ ነውር ነው፤ ያቋረጠ ለቤቱ ሁሉ የዶሮ ክንፍ ይጋብዛል። ሰዓቱን የሚይዘው ስታን ነው፤ ለእናቱም አያዳላም።

ማርላና ካሊብ ክረምቱን እየተከራከሩ ተዋደዱ። በረዶ ሲጠርጉ ይከራከራሉ፤ ገበያ ውስጥ ሽንኩርት ሲመርጡ ይከራከራሉ። አንዳንዴ ክርክሩ መሀል እሱ ቀና ብሎ ያያታል፤ እሷም ቀጥሎ ልትል የነበረው ይጠፋባታል። ደስ ብሏት ነበር። ሠላሳ አንድ ዓመቷ ነው፤ እንዲህ ደስ ያላት መቼ እንደሆነ አታስታውስም።

የካቲት ውስጥ አንድ ቅዳሜ ቀትር ላይ ሐይቁ ዳር መኪና አቁመው ሳንድዊች ሲበሉ ካሊብ የእሱን ጥቅልል አድርጎ አስቀመጠው።

«ሳልነግርሽ የቆየሁት ነገር አለ። ካሊብ መካከለኛ ስሜ ነው። በእናቴ ቤተሰብ ስም የምጠራውም በኋላ ነው። ኳስ ስጫወት ጀስተስ ራውልስ ነበርኩ።»

ማርላ የጎረሰችውን ሳትውጥ ቀረች።

«ትንሽ ኮሌጅ ስለሆነ አታውቂውም። ከስምንት ዓመት በፊት እንደምመረጥ ሁሉም እርግጠኛ ነበር። ሁለት ሳምንት ሲቀረው አንድ ደጋፊ ያመለጡኝን ኳሶች ብቻ ቆራርጦ ቀጣጠለና ኢንተርኔት ላይ ለቀቀው። ‹ሳሙናው› ብሎ። አገር ምድሩ ሳቀ። ምርጫው ሦስት ቀን ነው፤ እናቴ ዘመድ ሰበሰበች፣ ኬክ አሠራች፤ እኔ ሦስቱንም ቀን ስልኬን ይዤ ሳሎን ተቀመጥኩ። የደወለልኝ የለም።»

ካሊብ የመኪናውን መስታወት በእጅጌው ጠረገ።

«እናንተ ቤት እንኳን ኳስ ያመለጠውን ሁሉ ‹ሳሙና› ሲሉት እሰማለሁ። ዝም ብዬ ቢራዬን እጠጣለሁ።»

«ማን… ማን እንደሠራው ታውቃለህ?»

«የውሸት ስም ነው የተጠቀመው። ‹የሐይቁ ንስር› ምናምን። እኔ እንጃ፣ ማርላ። ባገኘው ምን እንደማደርግ አላውቅም። ፊቱን ባየው ግን ደስ ይለኝ ነበር።»

ፊቷ ከፊቱ አንድ ክንድ ያህል ነበር የሚርቀው።

የሐይቁ ንስር እሷ ነበረች። ሃያ ሦስት ዓመቷ ነበር፤ በወንዶች በተሞላ ቤት ውስጥ እንዲሰሟት ትፈልግ ነበር። አንድ ቅዳሜ ስታን ጓዳ ገብታ፣ በሁለት ሰዓት ሠርታ ለቀቀችው። ያን ሰሞን ቤቱ «የሳሙና እናት» እያለ ቢራ ሲጋብዛት ኮርታ ነበር። ኬክ የተሠራለት ሳሎን በአሳቧም አልመጣም።

ቀዝቀዝ አላትና «ብርድ ነው» አለች። ካሊብ ኮቱን አውልቆ ደረበላት። ያን ጊዜ ብትናገር ኖሮ! አልተናገረችም።

ከዚያ ቀን ጀምሮ እንቅልፍ አጣች። ስልኳ በጮኸ ቁጥር «አወቀ» ትላለች። አምስት ደቂቃ ሲዘገይ «ነገሩት» ትላለች። ሲስቅ ደግሞ ይብስባታል፤ ይህን ሳቅ ለመጨረሻ ጊዜ የምታየው ይመስላታል። ክሊኒክ ውስጥ ያጸዳችውን ጥርስ ደግማ ማጽዳት ጀመረች፤ ሐኪሙ ቡና ቀንሺ አላት።

ሚያዝያ ገብቶ የሣጥኑ እሁድ ሲቃረብ መጀመሪያ አጎቷ ዘንድ ሄደች። ስታን ብርጭቆ እየወለወለ ሰማትና ብርጭቆውን አስቀመጠው።

«ልጄ፣ ይህ ነገር ከአንቺ አፍ ካልወጣ ከሌላ ሰው አፍ ይወጣል።»

«እነግረዋለሁ። ትንሽ ጊዜ ብቻ።»

«ጊዜማ እሁድ ያልቃል። ሩዲን ታውቂው የለ?»

ሩዲን የማያውቅ የለም። ጡረታ የወጣ የብረት ፋብሪካ ሠራተኛ ነው፤ ልቡ ደግ፣ አፉ ግን ዘበኛ የሌለው። በየዓመቱ በክርክሩ መሀል የድሮ ቅሌቶችን ፊልም የሚያሳየው እሱ ነው፤ ፊልሙ የሚጀምረውም በሳሙናው ነው። ማርላ ፓርኪንግ ውስጥ ያዘችው።

«ሩዲ፣ በሞትኩት። ሳሙናውን የሠራሁት እኔ መሆኔን ካሊብ ፊት እንዳታነሳ።»

«ለምን? የሚያኮራ ሥራ!»

«አትጠይቀኝ። ቃል ግባልኝ።»

ሩዲ ቀኝ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ቃል ገባ። እሷም አመነችው። ማመን አልነበረባትም።

እሁድ ቀትር ላይ ቤቱ ጢም ብሎ ሞላ። የዘንድሮው ጭቅጭቅ በሁለት ልጆች ላይ ነው፤ ትሬቨን ሎት ረጅም፣ እጁ የነካውን የማይለቅ፣ እግሩ ግን ከባድ ነው። ማይካ ደንባር አጭር ነው፤ ሲሮጥ አይያዝም፤ ነገር ግን ባለፈው ዓመት ዘጠኝ ኳስ አምልጦታል። ካሊብ የደንባር ጠበቃ ነው። ማርላ የመጣችው ዛሬ ከክርክሩ በኋላ ልትነግረው ቆርጣ ነው። እንዲህ ብላ ስትቆርጥ ይህ ስድስተኛ ጊዜዋ ነው።

ካሊብ ሣጥኑ ላይ ወጣ።

«ዘጠኝ አመለጠው ትላላችሁ። ስንት ያዘ? የቆጠረ አለ? እኔ ቆጥሬአለሁ፤ ሰማንያ ስምንት። አንድን ልጅ ባመለጡት በዘጠኙ ኳሶች ስትለኩት…» ቀና ብሎ ማርላን አያት። «ሃያ ሁለት ዓመቱ ነው። ቤቱ እናት አለችው።»

ማርላ ጠረጴዛውን ያዘች።

«ሰዓት!» አለ ስታን።

«ንግግርህ ያስለቅሳል፣ ወንድሜ» አለ ሩዲ እየተነሣ። «ግን ቀልባችሁን ከመግዛቱ በፊት እጁ የሚያሟልጭ ልጅ መጨረሻው ምን እንደሚሆን እንይ። ሳሙናው ይምጣ!»

«ሩዲ!» አለች ማርላ።

«ቃሌን ጠብቄአለሁ! የማን ሥራ እንደሆነ ተናገርኩ? ፊልሙን አላሳይም ግን አላልኩም።»

ቴሌቪዥኑ በራ። አረንጓዴ መለያ የለበሰ፣ አሥራ ሰባት ቁጥር፣ ወደ ላይ ዘለለ። ኳሱ ከጣቱ አመለጠ። ቤቱ ከወዲሁ መሳቅ ጀመረ። ማርላ ስክሪኑን አላየችም፤ ያየችው ከሣጥኑ ወርዶ የተቀመጠውን ካሊብን ነው። ፈገግ ብሏል። ጠረጴዛው ሥር ግን ሁለት እጆቹ ተቆላልፈው ጣቶቹ ነጥተዋል። ስምንት ዓመት ሙሉ እንዲህ ፈገግ ሲል እንደኖረ ገባት፤ ከክርክሩ በኋላ ለብቻው የምትነግረው ምንም ነገር ይህን እንደማያክመውም ገባት።

ሮጣ ሣጥኑ ላይ ወጣች።

«ተራዬ ነው!»

ሕግ ሕግ ነው። ስታን ቴሌቪዥኑን አጠፋና ሰዓቱን ያዘ።

ዘጠኝ ዓመት የተናገረችበት ሣጥን ላይ እግሯን አደላድላ ቆመች።

«ሳሙናውን የሠራሁት እኔ ነኝ» አለች። «እዚህ ያላችሁት አብዛኞቻችሁ ታውቃላችሁ። አንዳንዳችሁ አታውቁም።» ካሊብን ለማየት ሞከረች፤ አልቻለችም። «መቶ አርባ ጊዜ ኳስ ሲጣልለት አየሁ። መቶ ሃያ ዘጠኙን ያዘ። አንዱን በአንድ እጁ፣ መሬት ሳይነካ ነው የያዘው፤ ሦስት ጊዜ መልሼ አይቼዋለሁ፤ ያምር ነበር። እሱንም ቆርጬ ጣልኩት። አሥራ አንዱን አስቀረሁ። ሆን ብዬ ነው። አውቄ ነው። እናንተን ላስቅ ብዬ የሰው ልጅ ሸጥኩ። ልነግረው ከየካቲት ጀምሮ እየፈራሁ ነው፤ ከጥፋቴ ይልቅ እሱን ማጣቴን ፈራሁ። ያ ደግሞ ሁለተኛ ጥፋት ነው። ጨረስኩ።»

ደቂቃ ተኩል ይቀራት ነበር። ወርዳ ቆመች። ሩዲ አፉን ከፍቶ ቀረ። ሌሎቹ «የትኛውን እሱን?» እያሉ እርስ በርስ ይተያያሉ።

ካሊብ ተነሣ። ሰዎቹ መካከል እየተሹለከለከ መጣና ሣጥኑ ላይ ወጣ። ስታን ሰዓቱን እንደ ደንቡ ያዘ።

ካሊብ አልተናገረም።

አንድ ደቂቃ አለፈ። ሰው ማሳል እንኳን ፈራ። ሁለት ደቂቃ። ማርላ ቢሰድባት ይሻላት ነበር። እሱ የጠፋውን ስክሪን እያየ ነበር። ስታን «አሥር ሰከንድ» አለ፤ ድምፁ ተሰባብሯል።

«ስሙ ሳሙና አይደለም» አለ ካሊብ። «ጀስተስ ይባላል። እኔ ነኝ።»

ከሣጥኑ ወርዶ ኮቱን አንሥቶ ወጣ። ያን ቀን የዶሮ ክንፍ የበላ የለም። ሩዲ ፊልሙን በራሱ እጅ ደመሰሰውና ከነአፉ ወደ ቤቱ ሄደ።

ሰኞ አልደወለም። ማክሰኞ ስልኩን አላነሣም። ረቡዕ አንድ መልእክት ጽፋ ሳትልከው አጠፋችው። ሐሙስ አመሻሽ ላይ ምርጫው ተጀመረና ክለባችን ማይካ ደንባርን መረጠ። በቴሌቪዥን ልጁ እናቱን አቅፎ ሲያለቅስ ቤቱ በጩኸት ተናጋ። ማርላ ጓዳ ገብታ ፊቷን ታጠበች። ፍርሃቱ አልቆ ነበር፤ የሚፈራው ከደረሰ በኋላ ሰው ምን እንደሚያደርግ ግን አላወቀችም።

አርብ ለምሳ ስትወጣ ካሊብ ከክሊኒኩ በር ፊት ለፊት የሥራ ልብሱን እንደለበሰ ቆሟል። አልተላጨም። እሷ ባለችበት ደርቃ ቀረች።

«ከፊልሙ ሥር የጻፍሽውን ታስታውሺዋለሽ?» አላት፤ ሰላምም አላለ።

ታስታውሰዋለች። «‹እጁ አይደለም። ከኋላው ኮቴ ሲሰማ ኳሱን ይረሳል።›»

«ሁሉም ሰው እጅ ነው አለ። እኔም ጣቴ ተሰብሮ ነው ብዬ ለእናቴ ሳይቀር ዋሸሁ። ያን ዓመት አንድ ተከላካይ ከኋላ መጥቶ ክፉኛ ከመታኝ በኋላ ግን ፈሪ ሆኜ ነበር። ማንም አላየውም። አንቺ ብቻ አየሽው። ስምንት ዓመት የጠላሁሽ ስለዋሸሽ ሳይሆን እውነቱን ስላየሽ ነው።»

«ካሊብ፣ እኔ…»

«ቆይ፣ አልጨረስኩም። ተናድጄብሻለሁ። በጣም። ነገም የሚለቀኝ አይመስለኝም። ይቅርታም ገና አላደረግሁልሽም።»

እንባዋ መጣ፤ አልጠረገችውም። «ታዲያ ለምን መጣህ?»

ካሊብ መንገዱን አየ፤ ጫማውን አየ፤ በመጨረሻ እሷን አየ።

«አራት ቀን ብቻዬን ተናደድኩ» አለ። «አልቻልኩበትም። ለመናደድም ቢሆን ካንቺ ጋር ይሻለኛል።»

ማርላ ልታቅፈው አልደፈረችም። ምሳ በልቶ እንደሆነ ጠየቀችው። አልበላም። መንገዱን ተሻገሩ፤ እሱም እንዳኮረፈ፣ እርምጃውን ከእርምጃዋ ጋር እያስተካከለ ከጎኗ ሄደ።