ጀርባውን የሰጠው ነጭ ፈረስ

ነጩ ፈረስ ጀርባውን ሰጥቶ ቆሞ ነበር። ሚስትየዋ የታመመች እህቷ ጋ አድራ ጠዋት የሳሎኑን በር ገፋ አድርጋ ስትገባ አይታዋለች፤ ግን ዓይኗ ከቼዝ ሰሌዳው ወዲያው ወደ ወለሉ ወረደ። ባሏ፣ የሰፈሩ የቼዝ አስተማሪ፣ በግንባሩ ተደፍቶ ነበር። የራስ ቅሉ ከኋላ ተፈርክሷል። ደሙ ምንጣፉን አልፎ ጠረጴዛው እግር ሥር ረግቷል። አጠገቡ በሩ ማታ ማታ የሚዘጋበት የብረት መወርወሪያ ወድቋል፤ ጫፉ ላይ ፀጉር ተጣብቆበታል።

የፈረሱ ነገር ትዝ ያላት ፖሊሶች ልጇን በካቴና አስረው ከወሰዱት በኋላ ነው። ልጁ አምሽቶ በጓሮ በር ገብቶ፣ ሳሎኑን ሳያይ ክፍሉ ተኝቶ ነበር። መወርወሪያው ላይ ከተደበላለቁት አሻራዎች መሐል የእሱ ተለይቷል፤ በዚያ ላይ ከእንጀራ አባቱ ጋር ሲጨቃጨቅ ጎረቤት ሰምቷል።

«ይሰቅሉታል» አለች ለመርማሪዋ። «ዕድሜ ልኬን ስፈራው የኖርኩት ነገር ይኸው ደረሰ።»

መርማሪዋ አጭር፣ ድምጿ ዝግ ያለ ሴት ናት። ባልደረቦቿ «መርፌ» ይሏታል።

«ይረጋጉ እትዬ። በሩን ማታ የሚዘጋው ማነው?»

«ልጄ ነዋ! ብረቱ እኔን ይከብደኛል። ዘግቶትም አላምነውም፤ ከአልጋው አስነሥቼ ደግመህ እይ እለዋለሁ።»

«ታዲያ አሻራው ባይኖርበት ነበር የሚገርመኝ። ቼዝ ይጫወታል?»

«እሱ? ፈረሱን ከአህያ አይለይም! የሚጨቃጨቁትም በዚሁ ነው። ሳሎኑን የሥራ ፈት መዋያ አደረግኸው ይለዋል።» ድምጿ ወረደ። «ባሌ ፈረሱን ሁልጊዜ ፊቱን ወደ ተጋጣሚው አድርጎ ነው የሚያቆመው። ዛሬ ጀርባውን ሰጥቶ ነበር። አይቼዋለሁ፤ ትዝ ያለኝ ግን አሁን ነው።»

መርማሪዋ ጓንት አጥልቃ ፈረሱን አነሣችው። የቆመበት ካሬ ንጹሕ ነው። ፈረሱ ሥር የተለጠፈው አረንጓዴ ጨርቅ ግን በደረቀ ደም ጠቁሯል።

ማታውን ከሟቹ ጋር ያመሹት ሦስት ሰዎች ናቸው። መርማሪዋ መጀመሪያ የታክሲ ሹፌሩን መኪናው ውስጥ አገኘችው።

«የጋሼ ሕግ ነበር» አለ። «ጨዋታ ሲቋረጥ ሁላችንም አብረን እንመረምረዋለን። ግን እጅ ኪስ ውስጥ! ጠጠር የነካ ብርጭቆ ያጥባል። ትናንት ጋሼ በነጭ፣ ልብስ ሰፊው በጥቁር ነበሩ። ለነጩ ማምለጫ ብንፈልግ ብንፈልግ የለም። ጋሼ ሞተዋል… ማለቴ፣ በቼዙ።» መሪውን በቡጢ መታ። «ምን ዓይነት አፍ ነው የሰጠኝ!»

ነርሱ ክሊኒክ ውስጥ እጁን እየታጠበ መለሰላት። «ሦስታችንም አብረን ወጣን። እኔን ሹፌሩ አደረሰኝ፤ ልብስ ሰፊው ቤቴ ቅርብ ነው ብሎ በእግሩ ሄደ። ደስታውን ብታዪው! ጋሼን ሲያሸንፍ የመጀመሪያው እኮ ነው።»

ልብስ ሰፊው ጨርቅ እየቀደደ ነበር። «ጋሼ እጄን ጨብጠው በርታ አሉኝ» አለ። «ከዚያ ቤቴ ገብቼ ተኛሁ።» መቀሱ መንገዱን ስቶ ጨርቁን አበላሸው።

ሲመሽ ሁሉም ሳሎኑ ውስጥ ተሰበሰቡ። ልጁ በካቴና በሁለት ፖሊሶች መሐል ቆሟል። እናቱ ከፊቱ ላይ ዓይኗን አልነቀለችም።

«የትናንቱን አቋም ይደርድሩልኝ» አለች መርማሪዋ ለልብስ ሰፊው።

በፍጥነት ደረደረ። በመጨረሻ ነጩን ፈረስ አስቀመጠ፤ ጀርባውን አዙሮ።

«አይ ልማድ!» አለ ሹፌሩ። «የተጋጣሚው ፈረስ ሲያፈጥበት አይወድም። ጋሼ 'ፈረሴ ይነክስሃል እንዴ?' እያሉ ወዲያው ይመልሱት ነበር።»

መርማሪዋ ወደ ሰሌዳው ጠጋ አለች። «ነጩ ይድናል» አለች። «ጋሼ አግኝተውታል።»

ሹፌሩና ነርሱ እጃቸውን ኪሳቸው ከትተው ሰሌዳው ላይ አጎነበሱ።

«ንጉሡ ወደ ጥግ ቢሸሽ?» አለ ነርሱ።

«ወታደሩ ይዘጋዋል። የለም ወንድሜ፣ አልቆለታል» አለ ሹፌሩ።

ልብስ ሰፊው ግን የሚያየው በሩን ነበር። «አቻ ነው አይባልም!» ብሎ ጮኸ። «ፈረሱን ቢሰጠኝስ? እኔ መቼ ወድጄ በላሁት!»

ሹፌሩና ነርሱ ከሰሌዳው ቀና አሉ።

«ስለ ፈረስ ማን አነሣ?» አለች መርማሪዋ።

«አሁን… አሁን ታየኝ።»

«ዓይንዎ ሰሌዳው ላይ አልነበረም። ፈረሱ ንጉሥዎን ያስፈራራል፤ ካልበሉት ንግሥትዎን ይበላል። ከበሉት ደግሞ የነጩ ንጉሥ ሳይጠቃ መሄጃ ካሬ ያጣል፣ በቼዝ ሕግ ጨዋታው አቻ ይወጣል። ይህን እኔም ዛሬ ሰሌዳውን ካሳየሁት አንድ ተጫዋች ነው የተማርኩት። ሦስታችሁ ስትወጡ ማንም አላገኘውም ነበር። ጋሼ ያገኙት ብቻቸውን ሲቀሩ ነው፤ ሊያውቀው የሚችለው የተመለሰ ሰው ብቻ ነው። ጠጠሮቹ በድብደባው ጊዜ ደም ላይ ተበተኑ። ገዳዩ እየጠረገ መልሶ ደረደራቸው፤ ፈረሱንም እርስዎ አሁን እንዳደረጉት ጀርባውን አዞረው፤ ሥሩ ያለውን ጨርቅ ግን አላየም። ይህ ልጅ የትኛው ጠጠር የት እንደሚቆም አያውቅም። እርስዎ ግን ሰው ገድለው እንኳ ያሸነፉበትን አቋም ማፍረስ አልቻሉም።»

ልብስ ሰፊው ጠረጴዛውን ገልብጦ ወደ በሩ ተወረወረ። ሹፌሩ አንገቱን አንቆ ከግድግዳው ጋር አጋጨው፤ አፍንጫው ፈንድቶ ደሙ ሸሚዙ ላይ ወረደ።

«ጋሼ ሳቁብኝ!» አለ እየተናነቀ። «ደስታዬ አላስተኛ ብሎኝ ተመልሼ መጣሁ። በሩን ከፈቱልኝ፣ የፈረሱን ማምለጫ አሳዩኝና ሳቁብኝ። 'ገና ልጅ ነህ' አሉኝ። ጀርባቸውን ሲሰጡኝ ብረቱ በሩ ሥር ተደግፎ ነበር። አንዴ መታሁ። ከዚያ ማቆም አቃተኝ።»

ካቴናው ከልጁ እጅ ወልቆ ልብስ ሰፊው እጅ ላይ ገባ።

ሁሉም ሲሄዱ እናትየው በተከፈተው በር ፊት ቆመች። መወርወሪያው ፖሊስ ጣቢያ ነው። ልጇ ከጓሮ ወፍራም እንጨት አምጥቶ የበሩ ቀለበቶች ውስጥ ሰካው።

«ዘጋኸው?»

«ዘጋሁት፣ እማዬ።»

«እስቲ ግፋው።»

ሳያጉረመርም በትከሻው ገፋው። እንጨቱ ንቅንቅ አላለም።