ምራጩን ማን በላው?

አትክልት ተራ በጅምላ የሚገዛ ሰው አይመርጥም። ማዳበሪያው እንደታሰረ ይመዘናል፤ ወፍራምና ቀጭኑ፣ ደህናውና ጠማማው አንድ ላይ ይጫናል። ሕጉ ይኸው ነው። ለማሂራ ብቻ አልሠራም።

ማሂራ አውቶቡስ ተራ በር ላይ ለመንገደኛና ለተሸካሚ የተቀቀለ ስኳር ድንች ትሸጣለች። በድስቷ ቀልድ አታውቅም። ስኳር ድንቹ እኩል ካልሆነ ቀጭኑ ሲፈራርስ የወፍራሙ ልብ ጥሬ ይቀራል። የምትሸጠው ደግሞ በፍሬ ስለሆነ ትንሹ የደረሰው ደንበኛ መነጫነጩ አይቀርም። ስለዚህ የእጇን አምባር አውልቃ እያንዳንዱን ስኳር ድንች በአምባሩ ውስጥ ታሳልፋለች። ሾልኮ ከወደቀ ቀጭን ነው፣ ከተቀረቀረ ወፍራም ነው። አምባሩን ታክኮ ያለፈውን ደግሞ በመዳፏ ከፍ ዝቅ አድርጋ ትመዝነዋለች፤ ከበድ ካላላት አትወስደውም።

ይህን ሁሉ ጣጣዋን የሚችላት የጅምላ ነጋዴው የሐጂ ሰላሁዲን ሠራተኛ ፉርቃን ነበር። በሳምንት ሦስት ቀን ጠዋት ማዳበሪያ ፈትቶ ሸራ ላይ ይዘረግፍላታል። እሱ እያነሳ ያቀብላታል፣ እሷ በአምባሯ ትለካለች። ብዙ አያወሩም። አንዳንዴ አንዱን ስኳር ድንች ሁለቱም ይይዙትና ማን እንደሚለቅ ሳይወስኑ ይቆያሉ። ከዚያ እሷ ትስቃለች፣ እሱ ወደ ሚዛኑ ያያል።

አንድ ቀን የተረፈው የት እንደሚገባ ጠይቃው ነበር። ላም አርቢዎች አሉ፣ ለእነሱ ነው የሚሄደው አላት። አመነችው። ሐጂ ሰላሁዲን ግን ባለፉ ባገደሙ ቁጥር «ልጄ፣ መራጭ ይወድቃል ከምራጭ» ይሏታል። እሷም ቀልድ መስሏት ትስቃለች።

ፉርቃንን ትወደው ነበር? ትወደው ነበር እንጂ! ግን መርካቶ ያደገች ልጅ ናት፤ የነጋዴ ፈገግታ የሥራው አካል እንደሆነ ታውቃለች። እሱም ቢሆን አንድ ቀን ትንፍሽ ብሎ አያውቅም። ስለዚህ ፍቅሯን ለራሷ ይዛ፣ ስኳር ድንቿን በጋሪ አስጭና ትመለሳለች።

በጥር ወር፣ አንድ ማክሰኞ ረፋድ ላይ፣ ጥቁር ሻሽ ያሰሩ እናት መጥተው ድስቷ አጠገብ ቆሙ። በእጃቸው ትልቅ ፌስታል ይዘዋል።

«ማሂራ አንቺ ነሽ?»

«አቤት እናቴ፣ ስንት ፍሬ ላድርግልዎ?»

ሴትየዋ ፌስታሉን እግሯ ሥር ገለበጡት። የተጣመመው፣ ጣት የሚያህለው፣ የሕፃን ራስ የሚያህለው ስኳር ድንች መሬት ላይ ተንከባለለ። ማሂራ አንድ በአንድ አወቀችው ማለት ይቻላል። ትናንት ጠዋት በገዛ እጇ የጣለችው ነው።

«ጠይባ እባላለሁ፣ የፉርቃን እናት ነኝ» አሉ። «ከመስከረም ጀምሮ ቤታችን የሚበላው ይሄ ነው። ቁርስም እሱ፣ እራትም እሱ። ወላሂ፣ ጎረቤቶቼ እንኳን ላካፍላቸው ይዤ ሳንኳኳ መክፈት ትተዋል።»

«ለላም አርቢ ነው የሚሄደው ብሎኝ ነበር...»

«ላሟ እኔ ነኝ» አሉ እትዬ ጠይባ።

ማሂራ ክው አለች። ጭልፋው ከእጇ ወደቀ፤ ጎንበስ ብላ ማንሳትም አልቻለችም።

እትዬ ጠይባ ዱካ ላይ ቁጭ ብለው ቀሪውን ነገሯት። ሐጂ «ምርጡ ለልጅቷ ከሄደ ምራጩን ማን ይገዛልኛል?» ብለው ሲቆጡ፣ ፉርቃን እኔ እወስደዋለሁ አላቸው። ከዚያ ወዲህ ከደመወዙ እያስቆረጠ ጠማማውን ተሸክሞ ቤት ይገባል። እናቱ ሲጠይቁት ርካሽ አግኝቼ ነው ይላል። እውነቱን ከሐጂ የሰሙት ትናንት ነው፤ ድንጋጤው ገና ከፊታቸው አልጠፋም። አራት ወር ሙሉ ያንን ሲቀቅሉ በነገሩ ውስጥ ሴት አለች ብለው አልጠረጠሩም።

«ወንድሜ ሐዋሳ ሱቅ ከፍቶ ና ብሎታል። ሐሙስ ካልሄደ ቦታውን ለሌላ ሰው ይሰጣል። አልሄድም አለኝ፣ ለምን ስለው ዝም። አሁን ገባኝ።» ማሂራን ትክ ብለው አዩዋት። «የምትፈልጊው ልጄን ከሆነ እዚሁ ይቅር፣ አልከፋም። ስኳር ድንቹን ብቻ ከሆነ ግን ዛሬውኑ ንገሪውና ይሂድ።»

ማሂራ በመጀመሪያ የተሰማት ሐፍረት ነበር። ይሄ ቀጠነ፣ ይሄ ወፈረ እያለች የወረወረችው ሁሉ በእሱ ጉሮሮ ወርዷል። ወዲያው ደግሞ እንዲህ ደስ ብሏት እንደማያውቅ ገባት። ከዚያ ፍርሃት መጣ። አትሂድ ብትለው ሱቁ ያመልጠዋል፤ ዝም ብትል ሐሙስ እሱ ያመልጣታል።

«ድስቱን...» አለች፣ ቃሉን ሳትጨርስ።

«እኔ እጠብቅልሻለሁ። ሂጂ።»

ፉርቃን ያለ ቀኗ ስትመጣ ሲያያት ደነገጠ። ቢሆንም እንደ ልማዱ ሸራውን ለመዘርጋት ጎንበስ አለ።

«አትዘርጋ» አለችው። «ያንን ማዳበሪያ እንደታሰረ መዝንልኝ።»

«ሳትመርጪ?»

«ሳልመርጥ።»

አሟት እንደሆነ ጠየቃት። ጠማማው እንደሚበዛበት፣ ድስቷን እንደሚያበላሽባት እየተንተባተበ አስረዳት። እሷም ጠማማውን ለብቻው እንደምትቀቅለው ነገረችው።

«ማን ይበላዋል?» አላት።

«እኔና አንተ። ሐሙስ አትሂድ።»

ማዳበሪያውን ወደ ሚዛኑ አንስቶት ነበር፤ እቅፉ ውስጥ እንዳለ ቀረ። ሐጂ ሰላሁዲን መቁጠሪያቸውን አቁመው ያያሉ። ማሂራ እናቱ የነገሯትን ሁሉ ሳትደብቅ ነገረችው። ሱቁ ትልቅ ዕድል እንደሆነ እንደምታውቅ፣ ከሄደ እንደማትቀየመው፣ ግን ከመስከረም በፊት ጀምሮ እንደምትወደው ተናገረች።

ፉርቃን ማዳበሪያውን ቀስ ብሎ መሬት ላይ አስቀመጠው።

«ማሂራ፣ አንድ ነገር ልንገርሽ፣ አትቆጪኝ።»

መሄዴ አይቀርም ሊላት መሰላት።

«እኔ ስኳር ድንች አልወድም።»

«ስለሰለቸህ ነው?»

«አይደለም፣ ከልጅነቴ ጀምሮ። ሽታው ራሱ ያጥወለውለኛል።»

ማሂራ የሚጠላውን ነገር አራት ወር ለእሷ ሲል እንደበላው ገባት። ማዳበሪያው ላይ ቁጭ አለችና ሻሿን ፊቷ ላይ ስባ አለቀሰች። ፉርቃንም አጠገቧ ቆሞ ሐሙስ የትም እንደማይሄድ ደጋግሞ ነገራት።