መከታ ያዳናቸው

ማክሰኞ ጠዋት እንደወትሮው የመከታ ዓይን በፖስታ መጣ። ዓይን ይባል እንጂ አውራ ጣት የምታክል ማህደር ናት፤ የበራሪው ጀግና የመከታ የበረራ ቆብ ያየውንና የሰማውን ሁሉ እሷ ላይ ያስቀምጣል። ወለላ ፈርማ ተቀበለችና ማሽኑ ላይ ሰካቻት።

ከገደሉ አናት እስከ ሸለቆው ወለል ቁልቁል በደረጃ በደረጃ በተገነባችው ከተማ፣ «መከታ» የተባለውን ኮሚክ መጽሔት የማያነብ ልጅም አዋቂም የለም። አሠራሩ ቀላል ነው። ማሽኑ ማህደሯን ያነብባል። «አራሚ» የሚሉት ክፍሉ ደግሞ ለአንባቢ የማይሆነውን ያወጣል፣ የጎደለውን ከራሱ ይሞላል፣ ከዚያ ንድፉን ይተፋል። ንድፉን በእጇ የምትስለው ወለላ ናት። አሥራ ሁለት ዓመት ስላዋለች፤ የሰውየውን አገጭ ከገዛ ሚስቱ በላይ ታውቀዋለች።

የዛሬዋ ማህደር ግን የሰባት ዓመት አሮጌ ነበረች። ያኔ የሦስተኛው ደረጃ ተንጠልጣይ አሳንሰር ገመዱ ተበጥሶ መከታ ሠላሳ ሁለት ተሳፋሪ አዳነ ተባለ። የሞተችው የአሳንሰር ጥገና ሠራተኛዋ ትርሲት ብቻ ነበረች፤ የወለላ ታናሽ እህት። መከታ ለቅሶ ቤት መጥቶ ሦስት ቀን ሙሉ ፍራሽ ላይ ተቀምጧል። እናትየዋን ወይዘሮ አስካለን አቅፎ፣ «እስከ መጨረሻው እጇን ይዣት ነበር፤ አልፈራችም» ብሎ አልቅሷል። ወለላ ያንን እጅ የመያዝ ትዕይንት ሳለችው። እናቷ ገጹን በመስታወት አስገብተው ሰቀሉት። የፊታችን እሁድ የትርሲት የሰባት ዓመት ተዝካር ስለሆነ መጽሔቱ ታሪኩን በልዩ እትም ሊያወጣው ነው።

አራሚው ሙቀት በዝቶበት ይሁን ምን ሥራው መሃል ቀጥ አለ። ወግ ቢሆን ጠጋኝ መጥራት ነበረባት። ወለላ ግን ጠጋኝ የምትጠብቅ ሴት አይደለችም፤ «ጥሬውን አሳይ» የሚለውን ተጫነችው።

አሳንሰሩ በቀረችው አንድ ገመድ ተንጠልጥሎ ታየ። የምታየው በመከታ ዓይን ነው። መከታ ከማዶ ካለ የድንጋይ ጠርዝ ላይ ተቀምጧል። አሳንሰሩ ጣሪያ ላይ ትርሲት ሰማያዊ ቱታዋን እንደለበሰች አንድ አንድ ሰው በገመድ እያሰረች ወደ ታችኛው ሰገነት ታወርዳለች። ቀና ስትል መከታን አየችውና ፊቷ በራ።

«አይዟችሁ፣ መከታ መጥቶልናል» አለች።

ከዚያ የመከታ ድምፅ መጣ። «የካሜራ ድሮኖቹ የት ደረሱ?»

«አሥራ አራት ደቂቃ ይቀራቸዋል» አለው ከመቆጣጠሪያ ክፍል አንድ ሰው።

«እጠብቃለሁ።»

ወለላ አሥራ አራቱንም ደቂቃ አየች። ትርሲት በድምሩ ሠላሳ አንድ ሰው አወረደች። ድሮኖቹ ሲደርሱ መከታ ተነሥቶ በረረና የቀረችውን አንዲት ሕፃን ነጠቃት። ገመዱ ያን ጊዜ ተበጠሰ። ትርሲት ስትወድቅ ማህደሯ ላይ አትታይም፤ መከታ በዚያች ሰከንድ የሚያየው ካሜራውን ነበር።

አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ በገዛ እጇ ያሳመረችው ሰው ጉድ ሠራት።

አራት ሰዓት ላይ መከታ ገጾቹን ሊያይ ሽቶውን ተቀብቶ ገባ። ሁሌም አንቱ ነበር የምትለው።

«እጇን ይዣት ነበር አላልክም?» አለችው።

ማሳያውን አየ። ይክዳል ብላ ጠብቃ ነበር፤ አልካደም። ወንበር ስቦ ተቀመጠ።

«ካሜራ ሳይኖር የሠራሁት ሁሉ እንዳልተሠራ ነው የሚቆጠረው ወለላ። ሁሉንም አውርዳ ትጨርሳለች ብዬ ነበር። ገመዱ የሚችል መስሎኝ ነበር።»

«ዓይንህን በጨው አጥበህ እናቴ ፍራሽ ላይ ተቀመጥክ።»

«ያልኳቸው ነገር አጽናናቸው እንጂ ጎዳቸው?» አለ ረጋ ብሎ። «አውጪው እሺ። እኔ አልከለክልሽም። ግን ያንን ገጽ ከእናትሽ ግድግዳ ላይ ማን ያወርደዋል? አንቺ ነሽ?»

ገጹን እንደማታወርደው ማወቁ ከሁሉም በላይ አናደዳት። ማህደሯን ነቅላ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችና ጥላው ወጣች።

እናቷ ለእሁዱ ድግስ ሽንኩርት እየላጡ ነበር። ወለላ በር ላይ ቆማ ስትቁለጨለጭ አዩና፣ «ምን ሆነሻል? ተናገሪ እንጂ» አሉ። እንደምንም ነገረቻቸው፤ ጠርዙን፣ ካሜራውን፣ ጥበቃውን፣ ትርሲት ሰዉን ማውረዷን። እጇን እንዳልያዛትም መጨረሻ ላይ ጨመረች።

ወይዘሮ አስካለ ቢላዋውን አስቀመጡ።

«እጇን እንዳልያዘማ አውቃለሁ» አሉ። «ያጠብኳት እኔ ነኝ። ሁለቱም መዳፎቿ በገመድ ተበልተው ነበር። ብቻዋን ገመድ ላይ ተንጠልጥላ ስትታገል የሞተች መስሎኝ ስንት ጊዜ ተንሰፍስፌአለሁ።»

«ታዲያ ለምን ዝም አልሽ እማዬ? ያንን ስዕል ለምን ሰቀልሽው?»

«አንቺ ስለሳልሽው። በእሱ የተጽናናሽ መሰለኝ።»

«እኔ ለአንቺ ብዬ እኮ ነው የሳልኩት!»

ወለላ ተቆጣች፤ በእናቷ ላይ እንዲህ ተቆጥታ አታውቅም። ሰባት ዓመት በአንድ ቤት፣ በአንድ ገበታ፣ አንዳቸው ለሌላው ሲሉ እየተደባበቁ ኖረዋል። መከታ የዋሸው ሦስት ቀን ነው፤ የቀረውን እነሱው ሞልተውታል።

ወይዘሮ አስካለ ግን ሐሳባቸው ሌላ ቦታ ነበር።

«ስንት ሰው አወረደች አልሽ?»

«ሠላሳ አንድ።»

«በደህና ነው ያወረደቻቸው? ሁሉም ሲወርዱ ነፍሳቸውን ያውቁ ነበር?»

«አዎ።»

«እንግዲያ ገመዱን ማን እንዳሰረላቸው ያውቃሉ» አሉ።

ወለላ ይህንን አላሰበችውም ነበር። ሠላሳ አንዱን በስም ታውቃቸዋለች፤ ፊታቸውን አንድ በአንድ ስላዋለች። «መከታ ያዳናቸው» ተብለው በየዓመቱ በሬዲዮ የሚቀርቡ ናቸው። አንዱ አስተማሪ ልጁን መከታ ብሎ ሰይሟል። በየሙት ዓመቷ ይመጣሉ። እናቷን ትከሻ ስመው፣ ነፍስ ይማር ብለው፣ በልተው ጠጥተው ይሄዳሉ። አንዳቸውም ትንፍሽ ብለው አያውቁም። ማን ይጠይቃቸዋል ደግሞ? በአንዲት ጠጋኝ ገመድ ወረድኩ ከሚል፣ በመከታ ክንድ ተነጠቅኩ የሚል ሰው ይከበራል።

«ለእሁድ ጠርተሻቸዋል?» አሉ እናቷ።

«ሁሉንም።»

«ይምጡ። ወጡም አይጉደልባቸው። ያየሽውን እንዳለ ስለሽ አምጪና የሚበሉበት ቦታ ላይ ስቀዪው። እኔ አንዲት ቃል አልናገርም። ቀድሞ የሚናገር ሰው ካለ ማየት ነው የምፈልገው።»

ወለላ ጠረጴዛው ላይ ወረቀት ዘረጋች። መከታን የትም ቦታ አልሳለችውም። ከላይ ትርሲትን አደረገች፣ ከታች ሰገነቱ ላይ ሠላሳ አንዱን፣ ሁሉም ቀና ብለው እሷን ሲያዩ።