ጥዴን የቆረጠው ሰው

«ወንድም፣ ባለሙያውን ጥራልኝ!» አልኩት።

እጁ እስከ ክርኑ ጭቃ ነው። ሆሳዕና ከተማ ዳር ባለው ችግኝ ጣቢያ ጎንበስ ብሎ አፈር ይሞላል። የቀን ሠራተኛ መስሎኝ ነበር።

ቀና ብሎ ፈገግ አለ። «ባለሙያው እኔ ነኝ። ሚክያስ እባላለሁ።»

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ!

ሮዳስ እባላለሁ፣ አስተማሪ ነኝ። ችግኝ ጣቢያ የወሰደኝ የታመመ ጥድ ነው። ግቢያችን ውስጥ ያለውን የጌጥ ጥድ የተከለው ባሌ ኃይለመለኮት ነበር፤ በተጋባን በሳምንቱ። ከሦስት ዓመት በፊት በመኪና አደጋ አጣሁት። ከዚያ ወዲህ ከእናቱ ከእማማ ገነቴ ጋር እንኖራለን። እሳቸው ልጃቸውን፣ እኔ ባሌን እያሰብን ያንን ዛፍ እናያለን። ሚክያስን ባገኘሁበት ክረምት ግን ከታች ጀምሮ ይደርቅ ጀመር።

ሚክያስ ቅዳሜ መጣ። ሥሩን በእጁ ቆፈረ፣ አፈሩን አሸተተ።

«ውሃ ተኝቶበታል፤ ቦይ እቀድለታለሁ። የታመሙት ቅርንጫፎች ግን መቆረጥ አለባቸው። አለዚያ ሕመሙ ወደ ላይ ይወጣል።»

«አይሆንም! አንድም ቅርንጫፍ አይነካም!»

«እሺ እህቴ» አለ።

ከዚያ በየቅዳሜው መጣ። ቦይ ቀደደ፣ ጠጠር ሞላ። ሥራው ሲያልቅ ስለ ትውልድ አገሩ ስለ አንጋጫ፣ ስለ አባቱ የእንሰት ማሳ ያወራልናል። እማማ ገነቴ በሐዲይኛ ሲቀልዱበት እሱ በከምባትኛ ይመልሳል፤ ግማሹን ሳይግባቡ ይሳሳቃሉ። እኔም... ቅዳሜን መጠበቅ ጀመርኩ። መጠበቄን ሳውቅ ግን አፈርኩ።

አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ስመለስ ጥዱ እስከ ወገቡ ተራቁቷል። ቅርንጫፎቹ መሬት ላይ ተከምረዋል። ሚክያስ መጋዝ ይዞ ቆሟል።

«ማን ፈቀደልህ?!» ጮህኩ። «የሞተ ሰው መታሰቢያ ነው! ውጣልኝ!»

አጠገቡ የቆሙትን እማማ ገነቴን አንዴ አያቸው። ከዚያ «ይቅርታ» ብሎ ወጣ።

ሁለት ቅዳሜ አለፈ። በሦስተኛው እማማ ገነቴ አጠገቤ ተቀመጡ።

«ያስቆረጥኩት እኔ ነኝ።»

«እማማ!... ለምን?»

«ዛፉ እየሞተ ነበራ! ሚክያስ ‹ሮዳስን እንጠይቃት› ብሎ ለመነኝ። ‹የልጄ ዛፍ ነው፣ ቁረጥ› አልኩት።»

«ታዲያ ስጮህበት ለምን ዝም አሉ?»

«ፈራሁ... እንዳትጠዪኝ ፈራሁ። ካንቺ ሌላ ማን አለኝ?» እንባቸው ወረደ። «ሮዳሴ፣ ልጄን ቀብሬያለሁ። አንቺን ግን በቁምሽ አልቀብርሽም። ቅዳሜ ሲሆን ፊትሽ እንደሚበራ የማላይ መሰለሽ? ተነሺ፣ እንሂድ።»

«ወዴት?»

እማማ ችግኝ ጣቢያ ሄደው ቀድመው ጠይቀው ኖሯል። ሚክያስ ፈቃድ ወስዶ አገሩ ገብቷል።

«አንጋጫ ነዋ!»

በሚኒባስ ሄድን። ከአባቱ ጋር እንሰት ሲተክል አገኘነው።

«ለምን እውነቱን አልነገርከኝም?» አልኩት እያለቀስኩ።

«አብራችሁ ነው የምትኖሩት» አለ ቀስ ብሎ። «እሳቸውን ከምትቀየሚ እኔን ብትቀየሚ ይሻላል ብዬ ነው።»

«ቅዳሜ... ያለ አንተ አልመሽ አለኝ!» ከአፌ አመለጠኝ።

በጭቃ እጁ እጄን ያዘኝ።

በጥር ወር ጥዱ ከላይ በኩል አዲስ ቅጠል ማውጣት ሲጀምር ሽማግሌዎች ከአንጋጫ መጡ። ወላጆቼ በሕይወት የሉም። የሚቀበላቸው ማን ነው? እማማ ገነቴ ነጠላቸውን አስተካክለው ፊት ለፊታቸው ተቀመጡ።

«ልጅዎን ለልጃችን ፈልገን መጣን» አሉ ሽማግሌው።

የልጇን ሚስት የምትድር እናት ማን አይቷል?

«አዎ፣ ልጄ ናት» አሉ እማማ። «ሰጥቻችኋለሁ። ብቻ... አታርቁብኝ።»

በር ላይ ይጠብቅ የነበረው ሚክያስ ገብቶ ጉልበታቸውን ሳመ። «እማማ፣ የት እንሄዳለን? እዚሁ እርስዎ ጋ ነን።»

እግዚአብሔር ባሌን ሲወስድ እናቱን ለምን እንደተወልኝ ያን ቀን ገባኝ። ተመስገን!