ሦስት ሐሳብና አንድ ገበታ

ዓሊማ የወደደችው አብዱሰመድን ነው፤ መጀመሪያ የተጣላችው ግን ከደብተሩ ጋር ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። በ1966 ጥቅምት ላይ ረሃብ ከቤቱ ያስወጣው የራያ ሰው ቆቦ ጫፍ፣ አውራ ጎዳናው ዳር፣ በሸራ መጠለያ ታጭቆ ነበር። የሸህ በድረዲን ልጅ ዓሊማ እዚያ ምግብ ታድላለች። አብዱሰመድ ደግሞ ሊረዳ ከአዲስ አበባ የመጣ የሳይኮሎጂ ተማሪ ነው። ወላጆቹን በልጅነቱ ያጣ፣ ቆቦ ውስጥ አንድም ዘመድ የሌለው፣ ሲያፍር ጆሮው የሚቀላ ልጅ። ዓሊማ ያንን ጆሮ እያየች ስንት ጊዜ ጭልፋ ከእጇ እንዳመለጣት አላህ ይወቀው።

ሁለቱን ያገናኘቻቸው ሲቲ ናት። ሲቲ፣ አብረዋት የመጡ ሰዎች እንደነገሩት፣ ከሮቢት ወዲያ ካለ መንደር ባሏንና ሦስት ልጆቿን ቀብራ በእግሯ የመጣች ሴት ናት። የተሰጣትን አጥሚት ከነጣሳው ከጎኗ ታስቀምጠዋለች። አትቀምስም፣ አትናገርም። የጤና ረዳቱ ድሬሰር አይቷት «ሌላ በሽታ የለባትም። እንዲህ ከቀጠለች ግን ሳምንት አትሞላም» ብሎ ሄደ።

«እኔ እያለሁማ አትሞትም» አለች ዓሊማ።

አብዱሰመድ ደብተሩን ገለጠ። «ሊቃውንቱ በሦስት መንገድ ነው የሚያዩት። አንዳንዶቹ ሰውን የሚያሳምመው ውስጡ የተቀበረ፣ ራሱም የማያውቀው ነገር ነው ይላሉ። ሌሎቹ ውስጡን ተዉት፣ ጠባይ የሚለወጠው በሽልማትና በቅጣት ነው ይላሉ። ሦስተኛዎቹ ደግሞ…»

«ሦስተኛዎቹ እስኪናገሩ ሴትዮዋ ታልቃለች። በል ከመጀመሪያው ጀምር።»

ጀመረ። ስለ ልጅነቷ፣ ስለ ሕልሟ ጠየቃት። ሲቲ ፊቷን ወደ ሸራው አዞረች።

በማግስቱ ሁለተኛውን ሞከሩ፤ ጣሳውን ከነካች ስኳር፣ ከቀመሰች ሌላ ስኳር። ሲቲ ጣሳውን ነካች፣ ስኳሩን ተቀበለች፣ አጠገቧ ለተኛው ሕፃን አቀመሰችው። አጥሚቱ እዚያው ቀዘቀዘ። ዓሊማ መጀመሪያ ሳቀች፤ ከዚያ አለቀሰች።

ሦስተኛዎቹ ሰው ሲከበርና ሲደመጥ በራሱ ያገግማል ባዮች ናቸው። አብዱሰመድ ምንም ሳይጠይቅ ግማሽ ቀን አጠገቧ ተቀመጠ። ሲቲ ቀና ብላ አየችው። ማየቱን አየችው፤ መብላቱን ግን አልበላችም።

«ይኼኛው ይሻላል» አለች ዓሊማ።

«መች በቃና!» ድምፁ ተሰበረ። «ሦስት ዓመት ሙሉ የተማርኩት ለአንዲት ሴት እንኳ አልሆነም።»

ዓሊማ እጁን ልትይዘው ፈለገች፤ አባቷ ትዝ አሏት። ነገሩን ሰምተው ጠዋት ቁርጡን ነግረዋታል። «ያ ልጅ ማንም ይሁን ማን፣ ዘመድ የሌለው፣ ሽማግሌ የማይልክ ሰው ልጄን አያገባም» ብለዋል።

ለምሳ ቤት ገብታ እጇን ስትታጠብ ነው የገባት። ቤተሰቡ ገበታውን ከቦ፣ እጁን ሰብስቦ ይጠብቃታል። እሷ ሳትቀመጥ ማንም አልቆረሰም። መጠለያው ውስጥ ግን ለያንዳንዱ ለየብቻው በጣሳ ይታደላል። ሲቲ ዕድሜዋን ሙሉ ከባሏና ከልጆቿ ጋር እንጂ ብቻዋን በልታ አታውቅም፤ ያ ጣሳ በቀረበላት ቁጥር የሞቱባትን ይቆጥርባታል። ዓሊማ ሳትበላ ተመልሳ ሮጠች።

በሽታ እንዳይጋባ ሠራተኛ ከተረጂ ጋር መብላት ክልክል ነው፤ ኃላፊው ሙላው የበላ ይባረራል ብሏል። ዓሊማ ለስለስ ያለ ገንፎ በሳህን ይዛ ከሲቲ ፊት መሬት ላይ ተቀመጠች።

«እትዬ ሲቲ፣ እርቦኛል። ካልጀመርሽ አልጀምርም።»

አብዱሰመድ እጁን ታጥቦ መጣና ከዓሊማ ጎን ቁጭ አለ።

«ትባረራለህ» አለችው በሹክሹክታ።

«እንግዲያው አብረን እንባረራ።» ጆሮው ቀላ።

ሲቲ ተራ በተራ አየቻቸው። «አንቺ ልጅ» አለች፤ ከመጣች የመጀመሪያ ቃሏ ነው። «እስካሁን ምሳሽን አልበላሽም?»

«አልበላሁም።»

«ምነው ልጄ… በይ ነይ፣ ቢስሚላህ።» በጣቷ ጫፍ ቆርሳ መጀመሪያ ዓሊማን አጎረሰች፤ ቀጥላ ራሷ ቀመሰች።

ሙላው ደርሶ ነበር። ሊቆጣ አፉን ከፍቶ ሲቲ ስትውጥ አየና ዞር ብሎ ሄደ። ከማግስቱ ጀምሮ ገንፎው ለአራት ለአራት ሰው በአንድ ሳህን ይቀርብ ጀመር።

«ይኼን የትኛው ሊቅ ነው የሚለው?» አለች ዓሊማ ሳህኑን እያጠበች።

«ሦስቱም የየራሳቸው እውነት አላቸው። ግን እኔ ሳነባቸው ሰውን ለብቻው አስቀምጬ ነበር የማየው።» ዓይኗን አየ። «ዓሊማ፣ እኔም ብቻዬን መቀመጥ ሰልችቶኛል። እወድሻለሁ።»

ዓሊማ ያንኑ ሳህን ሦስተኛ ጊዜ አጠበችው።

ጥር ላይ አንዲት ሴት በምርኩዝ ተደግፋ ሸህ በድረዲን ደጅ ቆመች።

«ልጅዎን ልጠይቅ ነው የመጣሁት፣ ለአብዱሰመድ።»

«ሴት ለሽምግልና? ያውም ብቻዋን? ወንዶቹ የት አሉ?»

«ወንዶቼን ረሃቡ ጨረሳቸው፣ ሸህ በድረዲን። እኔ ሰው የለኝም፣ እሱም ሰው የለው። እኔን ከሞት የመለሱኝ እሱና ልጅዎ ናቸው። ከዛሬ ጀምሮ እናቱ እኔ ሲቲ ነኝ፤ ዘመድ የለውም የሚል ካለ ለኔ ይንገረኝ።»

ዓሊማ ከጓዳ ሆና ትሰማለች። ሸህ በድረዲን ተነሥተው የቤቱን በር እስከ መጨረሻው ከፈቱት።

«ግቢ እንጂ» አሉ። «የሙሽራው እናት ደጅ አትቆምም።»