ሁለት የግራ እጅጌ

ልጅቷ ልብስ ፋብሪካ ውስጥ ለዓመታት የሰፋችው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የኮት የግራ እጅጌ። ቀኙን ፊት ለፊቷ የምትቀመጥ ሴትዮ ትሰፋዋለች፤ ኮሌታውን ሌላ፣ ኪሱን ሌላ። ሙሉ ኮት የምታየው ሰው ለብሶት መንገድ ላይ ሲያልፍ ነው። ያኔም ዓይኗ ከሰውየው መልክ በፊት ግራ እጁ ላይ ያርፋል።

አንድ ቀን ብድግ ብላ ለቀቀች። በቃ፣ ለቀቀች!

እናቷ ጭንቅላቷን ይዛ ጮኸች።

«ደሞዝ ያለውን ወንበር ጥለሽ? ጤነኛ ነሽ አንቺ?»

«እማ፣ እኔ ሙሉ ኮት መስፋት ነው የምፈልገው።»

«ማን አምኖሽ ነው ጨርቁን የሚሰጥሽ?»

አለቃዋ ደግ ሰው ነበሩና «ወንበርሽን እስከ ወሩ መጨረሻ ለማንም አልሰጥም፤ ካልሆነልሽ ተመለሺ» ብለዋት ነበር። እናትየው ይቺን ቃል ይዛ ጠዋት ማታ ትነዘንዛት ጀመር።

ልጅቷ ድሮ ፀጉር ቤት የነበረች ጠባብ ክፍል ተከራየች። መስታወት ግድ ነው፤ ሰው ልብስ ለብሶ ራሱን ካላየ ምኑን ለበሰው? መስታወት ገጣሚው መጣ። ረጅም፣ ዝምተኛ፣ ጆሮው ላይ እርሳስ የሰካ። መስታወቱን ሰቀለ፣ ቀጥ ማለቱን ሊያይ ውሃ ልኩን አስጠጋ፣ ቀና ሲል መስታወቱ ውስጥ ዓይን ለዓይን ተገጣጠሙ። ደንግጦ እርሳሱን ፍለጋ ኪሱን ይበረብር ገባ። ጆሮው ላይ ያለውን እርሳስ!

«እህቴ፣ ትንሽ ሳይዘም አይቀርም። ነገ መጥቼ አየዋለሁ» አለ።

መጣ። በማግስቱም መጣ። ሰፈሩ መቼም ዓይን አለው፤ «ይሄ መስታወት አራስ ነው እንዴ፣ በየቀኑ የሚጠየቀው?» ይባል ጀመር። እሷን የሚያበሽቃት ግን መመላለሱ አልነበረም፤ «እህቴ» የሚላት ነገር ነው።

ሰበብ ሲያልቅበት ጨርቅ ታቅፎ ብቅ አለ።

«ኮት ስፊልኝ።»

«እኔ ሙሉ ኮት ሰፍቼ አላውቅም እኮ።»

«እኔም ኮት አሰፍቼ አላውቅም። አብረን እንሞክረዋ።»

ትከሻውን ስትለካ ሁለቱም ትንፋሽ አጥሯቸው ነበር። ሜትሩ ከእጇ ወደቀ፤ እኩል ጎንበስ ሲሉ ግንባር ለግንባር ተላተሙ። አልሳቁም። ቢስቁ ይሻላቸው ነበር።

ኮቱ ሲያልቅ «እዚሁ ልበሰውና ልየው» አለችው።

«አንቺ እያየሽኝማ እጄም አይገባልኝ» ብሎ ጠቅልሎ ወሰደ።

ከዚያ ወዲያ እሷ ዘንድ ብቅ ሳይል፣ ኮቱንም ሳያወልቅ ሰነበተ። አንድ ቀን ምሳ ሰዓት ላይ የመንገድ ሳቅ ሰምታ ወደ በሩ ወጣች። ገጣሚው ማዶ ካለው መድኃኒት ቤት መስኮት ላይ መስታወት እየገጠመ ነው። ቀኝ እጁን ሲያነሳ እጅጌው ወደ ኋላ ተጠመዘዘ፤ ክርኑ በተሳሳተ በኩል የበቀለ ይመስላል። አላፊ አግዳሚው ይንከተከታል።

ፊቷ ተቃጠለ። የለመደ እጇ ሁለት የግራ እጅጌ ሰፍቷል!

መቀሱን አስቀምጣ፣ ቁልፏን አንጠልጥላ መንገዱን ተሻገረች።

«አውልቀው! ሰው እየሳቀብህ ነው!»

«ይሳቅ። ደህና ኮት ነው፣ ይሞቃል።»

«እያወቅክ ነው የለበስከው?»

አንገቱን ደፋ።

«ብመልሰው ወደ ፋብሪካው ትመለሻለሽ ብዬ ፈራሁ።»

«እመለሳለሁ! ዛሬውኑ ነው የምሄደው! እናቴ እውነቷን ነው።»

ያን ጊዜ ያ ዝምተኛ ሰው፣ ያ ሁሉ ሰው እየሰማ፣ አፉን ከፈተ።

«መስታወትሽ ዘሞ አያውቅም። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ቀጥ ያለ ነው። እኔ ነኝ... እኔ አንቺን ለማየት ነው የምመጣው። ይኸው ተናገርኩ። አሁን ከፈለግሽ ሂጂ።»

እናትየው ምሳ ልታደርስ መጥታ ለካ ከኋላቸው ቆማለች። እጅጌውን አየችው፤ ዞራ አየችው፤ ከዚያ ሆዷን ይዛ እስኪያስነባት ሳቀች።

«እማ፣ እሺ፣ ወንበሬ ላይ እመለሳለሁ» አለች ልጅቷ።

«የምን ወንበር? ይሄን ለብሶ የሚዞርልሽን ሰው የትኛው ፋብሪካ ይሰጥሻል? ግቢና ቀኙን አስተካክለሽ ስፊ! አንተም አውልቅ፣ እጅጌውን ልተርትርላት።»

«ይሄስ አይተረተርም፣ እማማ» አለ ኮቱን በሁለት እጁ ይዞ። «ሌላ ትሰፋልኛለች።»

«እህትህ ናት አይደል፣ መቼ እምቢ ትልሃለች!» አለች እናት በነገር ወጋ አድርጋ።

«እህቴስ አይደለችም» አለ፣ ጆሮው ቀልቶ።

ልጅቷ ያን ጊዜ ነው የሳቀችው።

ሌላውን ሰፋችለት፤ የሠርጉ ኮት ሆነ። የሰፈሩ ሴቶች ከሙሽራው ይልቅ እጅጌውን ሊያዩ የመጡ ይመስሉ ነበር፤ ቀኙ ቀኝ፣ ግራው ግራ ነበር፣ ምንም አላገኙበትም።

ዛሬ ትልቅ የልብስ ስፌት ቤት አላት። እሷ ዘንድ የሚሠሩ ልጆች እያንዳንዳቸው ሙሉ ኮት ይሰፋሉ። ያ ጠማማ ኮት መስታወቱ አጠገብ ተሰቅሏል። ጠዋት በሩን ስትከፍት እጅጌውን ዳበስ አድርጋ «ተመስገን» ትላለች።

ባልየው ሥራ ከመሄዱ በፊት ጎራ ይላል። ውሃ ልኩን መስታወቱ ላይ ያስጠጋል፤ አንገቱን ዘንበል አድርጎ ያያል።

«ትንሽ ሳይዘም አይቀርም» ይላታል። «ነገ መጥቼ አየዋለሁ።»